ፈረሴ ከእኔ ይበልጣል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። ዕድሜዬ 43 ነው፤ በአንድ ክሊኒክ ውስጥ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ፈረስ አለኝ። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው አባዬ ቦራ ብሎ ስም አወጣለት። ሌላው ገላው ዳማ ነው። ደብዳቤዬ ስለ እሱና ስለ እኔ እጅ ነው። ይረዝምባችሁ ይሆናል፤ ቆርጣችሁም ቢሆን አውጡልኝ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ በጥምቀት ያየሁት ነገር ነው። ታቦቱ ሲመለስ አንድ ወጣት ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ በሰው መሀል ያስጨፍረው ነበር። ፈረሱ አንገቱን ሰቅሎ አፉን ከፍቷል። ልጁ ዛቡን፣ ከልጓሙ ጋር የታሰረውን መሳቢያ፣ ወደ ደረቱ ይስባል፤ በተረከዙ ደግሞ ጎኑን ይመታዋል። በአንድ ጊዜ ቁምም ሂድም ይለዋል ማለት ነው። ፈረሱ መሄጃ ሲያጣ በኋላ እግሮቹ ቆመ። እልልታው ቀለጠ፤ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። አጠገቤ የነበረ ሰውዬ «እንዴት ያለ እልኸኛ ፈረስ ነው!» አለ። እኔ የማየው አፉን ነበር። በከንፈሩ ጥግ የወጣው አረፋ ሮዝ ነው። ደም ተቀላቅሎበታል።

ያንን ሮዝ አረፋ አውቀዋለሁ። በራሴ ፈረስ አፍ ላይ በራሴ እጅ ያመጣሁት ነገር ነው።

አባዬ ኢተያ ነበር የሚኖረው። ከአዳማ ወደ አሰላ ሲሄዱ፣ ደራን አልፈው ወደ ደጋው ሲወጡ የምትገኝ የስንዴ አገር ናት። ካረፈ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ወንድሞቼ ፈረሱ ይሸጥ አሉ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ አባዬ ኮርቻው ላይ ከፊቱ አስቀምጦ ገበያ ይወስደኝ ነበር። ያኔ የነበረው ፈረስ ሌላ ነው፤ የጋማው ሽታ ግን ያው ነው። ቦራን ለደላላ አሳልፌ መስጠት አልቻልኩም።

ቦራን ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሠለጠነው አባዬ ራሱ ነው። ሠርግም ለቅሶም ይሄድበታል፤ ጉግስም ይጫወትበታል። አባዬ ሲጋልብ እጁ የሚንቀሳቀስ አይመስልም። ፈረሱ ፍጥነቱን እየጨመረ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ፣ ከደንገላሳ ወደ ሽምጥ ሲገባ አባዬ ምን እንዳደረገ ማንም አያይም። የሚያነጋግረው በኦሮምኛ ነበር። «ኮቱ» ሲለው ከሜዳው ማዶ ራሱን ቀና አድርጎ ይመጣል።

እንዲህ ያለውን ፈረስ ነው በአይሱዙ ጭኜ አዳማ ያመጣሁት። ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከከተማው ዳር ጋጣ ተከራየሁለት። ጭድ፣ ገብስ፣ ፉርሽካ አላጓደልኩበትም። ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ፈረስ በሽታ እንዳያገኘው ቢሾፍቱ የሚመረተውን የፈረስ በሽታ ክትባት አስከተብኩት። ኮቴውን በየጊዜው አስከረክማለሁ። አባቱ የሞተበት ልጅ እንደማሳደግ ነበር የያዝኩት። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። መጋለብ አልችልም ነበር። የማልችል መሆኔንም አላወቅኩም።

ስስበው ራሱን ይሰቅላል። ራሱን ሲሰቅል የበለጠ እስባለሁ። ገበያ ላይ ልጓም የሚሸጥ ሰው «ይህኛው ያበርደዋል» ብሎ ጠንከር ያለውን ሰጠኝ። ከቶንዲኖ የተቆረጠ ነው። አምኜ ገዛሁት። ቦራ ባሰበት። ልጓሙን ሳሳየው ጥርሱን ይነክሳል፤ ኮርቻ ሲያይ ጀርባውን ይሰጠኛል። እኔም እንደ ሌላው ሰው «አስቸገረኝ» ማለት ጀመርኩ።

ሐምሌ ላይ አንድ ማለዳ በዚያው መንገድ ዳር እየሄድን ከኋላችን ሞተር ሳይክል እየበረረ መጣ። ቦራ በድንገት ወደ ግራ ታጠፈ። እኔ በቀኝ በኩል ወደቅኩ። ክንዴ ወለም ብሎኝ ሁለት ሳምንት ከሥራ ቀረሁ። አንድ ነገር ግን ከዓይኔ አልጠፋም። ፈረሱ አልሸሸም። ዛቡ መሬት እየነካ አጠገቤ ቆሞ፣ ትንፋሹ ፊቴ ላይ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያልመከረኝ ሰው የለም። ጎረቤቶቼ «ክፉ ፈረስ ነው፣ ሽጪው» አሉ። አንድ ደላላ ለጋሪ የሚፈልግ ሰው አለ ብሎ ደጄ ድረስ መጣ። በጣም የቆጠቆጠኝ ግን የአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ንግግር ነው። በቅን ልቦና ነው ያለችው። «ፈረሱ ላንቺ አይደለም፤ ለሚችልበት ሰው ስጪው» አለችኝ። የቆጠቆጠኝ እውነት ስላለበት ነው። አባዬ ያን ያህል የለፋበት ፈረስ እኔ ጋ እየባከነ ነበር። ሌሊት ሌሊት ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ።

በዚህ መሀል ነው ከአንድ አባት ጋር የተገናኘነው። 30 ዓመት ጋሪ ነድተዋል። የቀድሞዋን አዳማ የሚያውቅ ሰው ጋሪውን ያስታውሳል። ባጃጅ ሳይመጣ በፊት ሰውም ዕቃውም በጋሪ ነበር የሚሄደው። ስማቸው ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ አይፈልጉም፤ እኔ አባባ ነው የምላቸው። ጋጣው በር ላይ ቆመው ቦራን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ልጓም አወረዱ።

«ልጄ፣ ይህን አፉ ውስጥ ያስገባው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

አልተቆጡኝም። ብረቱን በአውራ ጣታቸው ዳር እስከ ዳር ዳበሱት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ከዚያ የእኔን ጣት ይዘው እዚያው ላይ አሳረፉት። ብረቱ የተቆረጠበት ቦታ ላይ እንደ ቆርቆሮ ጠርዝ የምትፋጅ ሹል ነገር አለች። ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ! አንድ ቀን እንኳ በጣቴ አልዳበስኩትም።

የፈረስ አፍ ውስጥ በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋዎቹ መካከል ባዶ ቦታ አለ። ልጓሙ የሚያርፈው እዚያ ነው። ጥርስ የለም፤ አጥንቱን የሸፈነች ስስ ድድ ብቻ ናት ያለችው። ጋላቢው የሚስበው ያችን ድድ ነው።

አባባ ዛቡን ከልጓሙ ፈቱት። አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ፤ ሌላውን ራሳቸው ያዙ። «አሁን አንቺ ቦራ ነሽ። ዓይንሽን ጨፍኚ» አሉኝ። ጨፈንኩ። ዛቡ ላላ ብሎ ቆየ። ከዚያ አንድ ነገር ተሰማኝ፤ በጣም ትንሽ ነገር። «ምን አደረጉ?» አልኳቸው። «ትንሿን ጣቴን ነው ያጠፍኳት» አሉ። ደጋግመው አደረጉት። ወደ ቀኝ ሊሉኝ ሲሆን ገና ሳይስቡ ይገባኛል። «በይ አሁን ደግሞ አንቺ እንደምትስቢው ልሳበው» አሉና ሳቡት። እስከ ትከሻዬ ድረስ ነቀነቀኝ። ዓይኔን ገለጥኩ። «ያንቺ በእጅሽ ነው። የእሱ በድዱ ነው» አሉኝ።

ክሊኒካችን ውስጥ መርፌ የሚፈሩ ልጆች ወደ እኔ ነው የሚላኩት። እጇ አያምም ይባልልኛል። ዕድሜዬን በሙሉ የኮራሁበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። በዚያው እጅ የአባቴን ፈረስ አፍ አቁስያለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ስለ አወዳደቄ ስነግራቸው አባባ «አባትሽ ጉግስ ይጫወት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። እንዴታ አልኳቸው። ጉግስ ላይ አንዱ ዘንግ ይዞ ያሳድዳል፤ ሌላው ጋሻውን ወደ ኋላ መልሶ እየመከተ ይሸሻል። የሚሸሸው ፈረስ አሳዳጁ ሲደርስበት መታጠፍ ካላወቀ ጌታው ተመታ ማለት ነው። የፈረስ ዓይን በጎንና በጎን ስለሆነ ከጭራው ጀርባና ከግንባሩ ፊት ካለችው ጠባብ ቦታ በቀር ዙሪያውን ሁሉ ያያል። ያንን ሞተር ሳይክል ከእኔ በፊት አይቶታል። «ከኋላሽ መጣብሽ ብሎ ነው የታጠፈው። ሊጥልሽ አይደለም፣ ሊያድንሽ ነው» አሉኝ አባባ።

ክፉ ብለን ስም ያወጣንለት ፈረስ አባዬ ያስተማረውን በትክክል ነበር ያደረገው። ሳይሸሽ አጠገቤ የቆመውም ለዚህ ነው። ይህን ስሰማ ጋጣው ውስጥ ገብቼ አንገቱን አቅፌ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም።

ትምህርቴ ከዚያ ጀመረ። ለሁለት ወር ዛብ እንድይዝ አልፈቀዱልኝም። አባባ ረጅም ገመድ ይዘው መሀል ይቆማሉ፤ ቦራ ዙሪያቸውን በሶምሶማ ይዞራል፤ እኔ እግሬን ከእርካብ አውጥቼ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ጭኔ ይቃጠላል፣ ወገቤ ይደነዝዛል። «በዛብ ተንጠልጥሎ የሚቀመጥ ሰው ጋላቢ አይባልም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እስበው የነበረው እንዳልወድቅ ነበር።

አንድ ቀን ሜዳው ጫፍ ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ልጆች ሲጮኹ ወደዚያ ዞር ብዬ አየሁ። ቦራ ወደ ዛፉ ዞረ። ምንም አልነካሁትም። አባባ «አየሽ?» አሉኝ። ራስ ሲዞር ትከሻ ይዞራል፣ ትከሻ ሲዞር ዳሌ ይከተላል፤ ፈረሱ ጀርባው ላይ ይህ ሁሉ ይሰማዋል። ዝንብ ስታርፍበት ያንኑ ቦታ ብቻ ለይቶ ቆዳውን የሚያንቀጠቅጥ እንስሳ የእኔ ዳሌ መዞር እንዴት አይሰማው? ያኔ ሌላ ነገር ገባኝ። በፊት ዛቡን ወደ መንገዱ እየሳብኩ ዓይኔ ግን የፈራሁትን ቦይ ነበር የሚያየው። ቦራ ወደ ቦዩ ሲሄድ አልታዘዝ አለኝ እል ነበር። እሱ ሁለት ትእዛዝ ተሰጥቶት አንዱን መርጧል።

በዚህ ነገር ላይ ማንበብ ጀምሬ ያገኘሁትን አንድ ታሪክ ላካፍላችሁ። የዛሬ 120 ዓመት ገደማ በርሊን ውስጥ ሐንስ የሚባል ፈረስ ነበር። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ሦስትና አራት ስንት ነው ሲሉት በኮቴው ሰባት ጊዜ ይመታል። አገሩ ሁሉ ተደነቀ። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስካር ፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ሚስጥሩን አገኘው። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ፈረሱም አያውቅም፤ ጠያቂውን ካላየው ይሳሳታል። ኮቴው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ራሱን በጥቂቱ ያነቃንቃል። ሐንስ የሚያቆመው ያንን አይቶ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ «ለካ ፈረሱ ሒሳብ አያውቅም» ብሎ ያልፈዋል። እኔን ግን የገረመኝ ሌላው ነው። ሰዎቹ ራሳቸው ማድረጋቸውን የማያውቁትን ነገር ፈረሱ ያነብ ነበር። ሒሳብ ከመቻል ይህ ያንሳል?

የቶኪዮው ኦሎምፒክም ትዝ ይላችሁ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የተካሄደው። በዘመናዊ ፔንታትሎን፣ ግልቢያን ጨምሮ አምስት ስፖርት በአንድ ላይ በሚካሄድበት ውድድር፣ ተወዳዳሪዎቹ የሚጋልቡት የራሳቸውን ፈረስ አልነበረም። ዕጣ ይወጣና 20 ደቂቃ ለመተዋወቂያ ይሰጣቸዋል። በሴቶቹ ስትመራ የነበረችው ጀርመናዊት ሴንት ቦይ የሚባል ፈረስ ደረሳት። ፈረሱ አልዘልም አለ። እሷ ስታለቅስና ስትጨነቅ እሱ ይብስበታል፤ አለንጋ ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ። ዓለም በቴሌቪዥን አየው። ከፓሪሱ ኦሎምፒክ በኋላ ግልቢያው ከዚያ ውድድር ወጥቶ በመሰናክል ሩጫ ተተካ። ልጅቷን ለመውቀስ አይደለም የማነሳው። ለማያውቁት ፈረስ 20 ደቂቃ ምንም አይደለም። እኔ ግን ከቦራ ጋር ስንት ወር ነበረኝ።

ከከተማችን በላይ ኮረብታው ላይ ያሉትን የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች አዳማን የረገጠ ሁሉ ያውቃቸዋል። ባለፈው ኅዳር አባባ አስከትለውኝ እዚያ ወጣን። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የክንፎቻቸው ጥላ መሬቱን እየጠራረገ ያልፋል። ጥላው ወደ እኛ ሲመጣ ትንፋሼን ያዝኩ። ቦራ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጆሮዎቹን ወደ ፊት ቀሰረ። አባባ ከኋላ «ተንፍሺ» አሉኝ። ተነፈስኩ። ረጅም ትንፋሽ ነበር፤ ትከሻዬ ሲወርድ ታወቀኝ። ቦራም በአፍንጫው እፎይ አለና ጥላውን ረግጦ አለፈ። ጥላውን አልነበረም የፈራው። የእኔ ትንፋሽ መቆም ነው ያስፈራው።

አሁን ወደ ባልደረባዬ ጥያቄ ልመለስ። ከጌታው የሚበልጥ ፈረስ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ይህን አባባንም ጠይቄያቸዋለሁ። ለሚችል ሰው ልስጠው ወይ አልኳቸው። «የሚችል ሰው ከየት ይመጣል? የሚችሉት አርጅተዋል፣ ሞተዋል። አንቺ ቻዪ» አሉኝ። ለእኔ ከዚህ በላይ መልስ የለም። ፈረሱን ወደ እኔ ልክ ማውረድ ቀላል ነው፤ ሹል ብረት ገበያ ሞልቷል። ወደ እሱ መውጣት ነው ጊዜ የሚጠይቀው። ነገር ግን ይህንንም ልጨምር፦ ለመማር ጊዜ ወይም ፍላጎት የሌለው ሰው ፈረሱን ለሚችል ቢሰጥ አላዝንበትም። የማዝነው አስቀምጦ ለሚቀጠቅጠው ነው።

የእኛ አገር ሰው ይህን ያውቅ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ስሙ ከፈረሱ ወደ ሰው ነው የሚሄደው። ዛሬም እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ይወጣሉ፤ ማኅበራቸው ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ልጅ ከአባቱ ጎን ሆኖ የሚማርበት ሜዳ አላቸው ማለት ነው። አርሲና ሰላሌም ቢሆን ገጠሩ ውስጥ ዕውቀቱ አልጠፋም። እኛ አዳማ ላይ ያለን ፈረስ ነው፤ ለበዓል የሚወጣ፣ ለሙሽራ የሚከራይ፣ ዕቃ የሚጎትት። ልጆቻችን ግን ግልቢያ የሚማሩት ከስልክ ቪዲዮ ነው፤ ቪዲዮው ላይ ደግሞ ብዙ የሚታየው አፉን ከፍቶ በሁለት እግሩ የቆመው ፈረስ ነው።

ስለዚህ ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው አለ። በየከተማው ያሉ የድሮ ባለጋሪዎችንና ፈረሰኞችን ፈልጋችሁ አነጋግሩልን። ጋሪው ሲቀር እነሱ ሥራ ብቻ አይደለም ያጡት፤ የሚጠይቃቸው ሰውም አጡ። አባባ 30 ዓመት ያወቁትን ነገር ከእኔ በፊት የጠየቃቸው ሰው እንደሌለ ነግረውኛል። በሚቀጥለው በዓል የፈረስ ፎቶ ስታወጡ ደግሞ አፉን እዩልኝ። አፉ ተዘግቶ፣ አንገቱ ላላ ብሎ የሚሄደውን ፈረስ ምረጡ። ጭብጨባ ባያገኝም የሚችል ሰው ያለው እሱ ላይ ነው።

የከተማችን አስተዳደርም አንድ አጥር ያለው ሜዳ ቢሰጠን ብዙ አያጎድለውም። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ሲመጡብን እኛ ነን የምንወጣው፤ ቅሬታ የለኝም፣ ሜዳው የእነሱም ነው። ግን አሁን አራት ሆነናል። ከእነዚህ አንዱ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ያችን የጥምቀት ዕለት ነጩን ፈረስ ሲጋልብ ያየሁት ወጣት ታናሽ ወንድም ነው። ወንድምየውን ከበዓሉ በኋላ ፈልጌ አገኘሁት። መጀመሪያ ተቆጣኝ። ሁለተኛ ቀን ልጓሙን በፌስታል ይዞ መጣ። አባባ በፋይል ሞርደው፣ በጨርቅ ጠቅልለው መለሱለት። እሱ ገና አልተቀላቀለንም፤ ታናሹን ግን ይልከዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ንፋሱ ሳይነሳ፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ሜዳው ላይ ነን። የኒም ዛፍ አለበት። ፈረስ ያለው ፈረሱን፣ የሌለው ራሱን ይዞ ይምጣ። ልጓም የሚያመጣ ካለ አባባ በጣታቸው ዳብሰው ያዩለታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቦራ ባለቤት
ከአዳማ